ቦሎኛ በጋሼ ወልዴ እግር

ከጣሊያን ከተመለስን ወዲህ ቸርች ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንዴት ነበር? ፎቶ አሳይን እንጂ!» ይለኛል። ምን ላሳይ? ስልኬ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች አብዛኞቹ የአንድ የሰባ አራት ዓመት ሰው የግራ እግር ናቸው፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን። ይሄ ደግሞ ምሳ ላይ ለሰው አይታይም። ስለዚህ ልጻፈው። ቦሎኛን ላላያችሁ፣ ምናልባትም ለማታዩት፣ መንገዱንም ምግቡንም ጭንቀቱንም እንደነበረ እነግራችኋለሁ።

እግሩ የጋሼ ወልዴ ነው፤ የባለቤቴ የዳዊት አባት። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ግንበኛ ነበሩ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከመጡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዳውንታውን የቢሮ ፎቅ አጽድተዋል። ስኳር አለባቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ጫማ ልጦት የጀመረ ቁስል አልድን ብሎ የቀኝ እግራቸው ትንሿ ጣት ተቆረጠች። ያን ቀን ሐኪሙ «የሚቀጥለው ጣት ብቻ አይሆንም» አለ። ዳዊት ሺፍት ላይ ስለሚሆን ክሊኒክ የምወስዳቸውም የማስተረጉምላቸውም እኔ ነኝ፤ ይህቺንም ዓረፍተ ነገር በገዛ አፌ ተርጉሜላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ አጭር ነው። በልካቸው ከተሠራው ጫማ ውጪ አንድ እርምጃ የለም፤ ቤት ውስጥም ቢሆን። ማታ ማታ ሁለቱም እግር በመስታወት ይታያል።

ታዲያ ምን በወጣቸው ቦሎኛ? ወጣት ሳሉ ግንብ ያስተማሯቸው አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነበሩ፤ የቦሎኛ ሰው። «እኛ ከተማ ዝናብ ሲዘንብ ሰው ጃንጥላ አይዝም፤ መንገዱ ሁሉ በቅስት የተሸፈነ ነው» ይሏቸው ነበር አሉ። ጋሼ ወልዴ ይቺን ነገር ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልረሷትም። ባለፈው ክረምት «በእግሬ ሳለሁ ልየው» አሉ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? የሚወስዳቸው ዳዊት ነበር። እሱ ሰፈራችን ኦግደን ባቡር ጥገና ነው የሚሠራው፤ ሁለት ባልደረቦቹ ታመሙና ዕረፍቱ ቀረ። ትኬቱ ተቆርጧል። ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

እኔ ደግሞ ጭንቀታም ነኝ፣ አልደብቅም። ምድጃ ማጥፋቴን ተጠራጥሬ ጎረቤት ከተማ ኮክረን ልደርስ ስል መኪና አዙሬ ቤቴ የተመለስኩ ሰው ነኝ። የራሴን ነፍስ በቅጡ ሳልይዝ የሰው አባት አደራ ተሸከምኩ።

እሑድ ከቤት ስንወጣ ኦግደን በረዶ ጥሎ ነበር፤ ገና ጥቅምት ሳይጋመስ። ከበሩ እስከ መኪናው ያለችውን አሥር እርምጃ ጋሼን በግራና በቀኝ ደግፈን አሻገርናቸው። ኤርፖርት ላይ ዳዊት አባቱን አቅፎ ከጨረሰ በኋላ ወደ እኔ ዞረና «አደራ ቤዛዬ። እግሩን» አለኝ። ሌላ ነገር አላለም። ብዙ ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

አውሮፕላኑ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ በየአርባ ደቂቃው አስነሳኋቸው። ደም እንዳይረጋ ነው። ጎናችን የተቀመጠው ሰውዬ ተነስቶ መቀመጥ ሲሰለቸው ቆሞ መጽሐፍ ማንበብ ጀመረ። ጋሼ በስተመጨረሻ «ልጄ፣ በዚህ አያያዝሽ ከኔ በፊት የምትሞቺው አንቺ ነሽ። ተቀመጪ» አሉኝ።

ሰኞ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ቀይረን ከሰዓት በኋላ ቦሎኛ ገባን። ያረፍንበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ደረጃውን ሳየው ላብ አጠመቀኝ። የቤቱ ባለቤት ሲኞራ ፍራንካ ይባላሉ፤ ከጋሼ ብዙም የማያንሱ፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ የምንግባባው ስልክ እያስተረጎመልን ነው። ጋሼ በትሩን ተደግፈው ሲወጡ ከላይ ሆነው ሲያዩ ቆዩና ወደ ውስጥ ገቡ። ተቀየሙ እንዴ ብዬ ስደነግጥ፣ የወጥ ቤት ወንበር በራሳቸው ላይ ተሸክመው ወርደው ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አኖሩት። እስክንሄድ ድረስ ወንበሩ ከዚያ አልተነሳም። ጋሼ በወጡ በወረዱ ቁጥር እዚያ ያርፋሉ፤ በአማርኛ ይመርቃሉ፤ ሲኞራ ፍራንካም የገባቸው ይመስል «አሜን» ይላሉ።

እራት በመረቅ ውስጥ የሚዋኝ፣ ጣት የማይሞላ ጥቅልል ፓስታ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ሥጋ አለበት። ጋሼ ሳህኑን ጨርሰው «ቅቅል ነው፤ ቃሪያውን ረስተውት ነው እንጂ» አሉ። ከዚያ መስታወታቸውን ይዘው ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ከዚያች ጣት ወዲህ እግራቸውን ለሰው አያሳዩም፤ ለምራት ደግሞ ጭራሽ። በር ላይ ቆሜ «ጋሼ፣ ደህና ነው?» አልኩ። «ደህና ነው።» «ሁለቱም?» «ሁለቱም፤ ሂጂ ተኚ!»

ማክሰኞ ጉዟችን ተጀመረ። አስጎብኚ አልያዝንም። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ወረቀት ፕሪንት አድርጌያለሁ፤ አሥራ ሁለት ታሪካዊ ቦታዎች በተራ ቁጥር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስት። «ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል» ይላል። እኔ ለሁለት ቀን ከፈልኩት፤ በየትኛው ቦታ መቀመጫ እንዳለ ሳይቀር ቀድሜ አጥንቼ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ቅስቱን ሳይ ሽማግሌው ጣሊያን እንዳልዋሹ ገባኝ። መንገዱ ዳርና ዳር ሁሉ በዓምድና በቅስት የተሸፈነ ነው፤ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሰማይ ሳይታይ ይኬዳል። ካልጋሪ ዳውንታውን የሚሠራ ሰው ፕላስ ፊፍቲንን ያውቃል፤ ከፎቅ ወደ ፎቅ በአየር ላይ የሚያሻግረንን የመስታወት ድልድይ። እኔም በክረምት የምሳ ሰዓቴን እዚያ ነው የማሳልፈው፤ ሲትሬን ከሚባለው የከተማ ባቡር ወርጄ ቢሮ ከገባሁ በረዶ ሳልረግጥ እውላለሁ። ጋሼ ያንን መስታወት ስንት ዓመት ወልውለዋል! ዓምዱን በመዳፋቸው እየዳበሱ «የኛው ሲመሽ ይቆለፋል» አሉ። «ይሄ በር የለውም። ለማኙም ባለሱቁም እኩል ነው የሚጠለልበት።»

እሳቸው እንዲህ ሲደሰቱ እኔ ስልኬ ላይ ተተክያለሁ። ቅስት ሥር ስንገባ ካርታው ይስታል፤ ሰማያዊዋ ነጥብ ዘላ ሌላ መንገድ ላይ ትቀመጣለች። አንዱን ፋርማሲ ሦስት ጊዜ አለፍነው። ሦስተኛው ላይ ፋርማሲስቷ በመስኮት እጇን አውለበለበችልን። ጋሼ ሳቁ፤ እኔ ግን እርምጃቸውን እየቆጠርኩ ስለነበር አልሳቅኩም። ያ ሁሉ ዙር በእግራቸው ነው የሚሄደው!

የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ወረቀቴን ሳገላብጥ ቆይቼ ዞር ስል፣ ጋሼ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ፈተዋል።

«ጋሼ! ኧረ በጌታ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አደረግኩ? እግዚአብሔር ቤት በጫማ ልግባ?»

«ይዩ እስቲ፣ ሰው ሁሉ በጫማው ነው የሚገባው።»

«አልተማሩማ።»

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ እኛ የምናመልክበት አዳራሽ የትምህርት ቤት ጂም ነው፤ በስኒከር ነው የምንገባው። እሳቸው ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በጫማ መቅደስ ረግጠው አያውቁም። ልባቸውን አውቃለሁ። ቢሆንም «ሐኪሙ ምን አለ?» አልኩ። «ሐኪሙ ቄስ ነው?» አሉኝ። በመጨረሻ የማልወደውን ነገር አደረግኩ፤ ስልኬን አወጣሁና «ለዳዊት ልደውልለት?» አልኩ። ፊታቸው ተለወጠ። ክሩን ቀስ ብለው መልሰው አሰሩ። «እሺ። አላወልቅም፤ ቃሌ ነው» አሉ። የጋሼ ወልዴ ቃል ደግሞ እኛ ቤት ከውል ይበልጣል። ከዚያ በኋላ እሳቸው ለጸሎት ብቻቸውን ይገባሉ፤ እኔ ደጅ ቆሜ ቀጣዩን መንገድ እፈልጋለሁ።

ረቡዕ ሁለቱ ግንቦች ጋ ሄድን። አጭሩ በጣም ስለዘመመ ዙሪያውን ታጥሯል። ጋሼ አንገታቸውን አዘንብለው ሲያዩት ቆዩና «ግንበኛው ቱንቢውን ቤቱ ረስቶት ነው የመጣው» አሉ። እኔ ቢወድቅ በየት በኩል እንደሚወድቅ ገምቼ በሌላው ጎን አስቆምኳቸው።

ረቡዕ ጾማቸው ነው። ሥጋ በሥጋ የሆነ ከተማ ውስጥ ጾም ማስረዳት ፈተና ነው። አስተናጋጁ ቺዝ ሲያመጣ መለስን፤ እንቁላል ሲያመጣ መለስን። በኋላ ወጥ ቤቱ ራሱ ወጣና ጋሼን አየት አድርጎ፣ ድንችና ጎመን በዘይት ሠርቶ አመጣላቸው። ቤታችን ያሉ ያህል በሉ። ለአንድ አፍታ እኔም ጭንቀቴን ረሳሁ።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። የመጨረሻዋ ወረቀቴ ላይ እንኳን የሌለች፣ መንገድ ላይ ያገኘናት ትንሽ ናት። አርባ ደቂቃ ቆዩ። ልግባ ወይስ አልግባ እያልኩ ደጁን ስዞር ወጡ፤ ፊታቸው ጥቁር ብሏል። «ደክሞዎታል?» አልኳቸው። «ደክሞኛል» አሉ። አላነከሱም። ይሄን ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ትንሽ እንኳን አላነከሱም።

ቤት ስንደርስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሲኞራ ፍራንካ ውሃ ይዘውላቸው ወረዱና ብርጭቆውን ሊሰጧቸው ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ዓይናቸውን ተከትዬ አየሁ። የጋሼ ግራ ካልሲ ከጫማው አፍ ጋ ረጥቧል፤ ቀይ ነው።

«ምንም አይደል» አሉ ጋሼ። ጫማውን እኔና ሲኞራ ፍራንካ አወለቅነው። ውስጡ ደም ነው። ውስጥ እግራቸው ላይ፣ ከጣቶቹ ዝቅ ብሎ፣ የምስር ክክ የምታህል የብርጭቆ ስባሪ ተሰክታለች። ሻማ ከሚያኖሩባት ብርጭቆ ነው መሰለኝ። እሳቸው የሌላ ሰው እግር እንደሚያዩ ያዩታል።

«አላመመዎትም?»

«አላመመኝም።»

«ቃልዎስ ጋሼ? ቃልዎ የት ገባ?»

ግድግዳውን አዩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ቀኙን ስጠብቅ ግራው ተወጋ፤ ያው ጤነኛው እግር። ክሊኒኩ መዝገብ ላይ «ቀኙ ደንዝዟል፣ ግራው ደህና ነው» ተብሎ ነው የተጻፈው።

ሲኞራ ፍራንካ የእህታቸውን ልጅ በስልክ ጠርተው በመኪና ሆስፒታል ወሰዱን፤ እሳቸውም ልብስ እንኳን ሳይቀይሩ በሽርጣቸው አብረውን ተቀመጡ። ወጣቷ ዶክተር ስባሪውን በወረንጦ አወጣች፣ አጠበች፣ ራጅ አስነሳች፣ መድኃኒት ሰጠች። ቁስሉን የከበበ ቅላት ነበር። እስክሪብቶ አነሳችና በቅላቱ ዙሪያ መስመር አሰመረች። «ቅላቱ ይቺን መስመር ካለፈ ያኔውኑ ኑ፤ እናስተኛቸዋለን። ካላለፈ ዓርብ ጠዋት ላያቸው።» ካለፈ ምን እንደሚከተል አልጠየቅኩም። ዶክተሩ ካልጋሪ ላይ ነግሮናል።

ሐሙስን እንዴት እንዳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በየሰዓቱ ፎቶ አነሳሁ። ፎቶውን ካለፈው ፎቶ ጋር አስተያየሁ። መስኮቱ ጋ ሲሆኑ ቅላቱ የሰፋ ይመስላል፤ ጥላ ሲሆን የጠበበ ይመስላል። አራት ሰዓት ላይ መስመሩን ነካ ብዬ ጮህኩ፤ አልነካም። እሳቸው አልጋ ላይ ጋደም ብለው ጣሪያውን ያያሉ። ከክኒንና ከውሃ በቀር ቃል አልተነጋገርንም። ተናድጄ ነበር፣ ለምን ልዋሽ።

ከሰዓት በኋላ ዳዊት ደወለ፤ ኦግደን ገና እየነጋ፣ ሥራ ሊገባ ሲል። «አባዬ እንዴት ነው?»

«ደህና ናቸው። መንገዱ አድክሟቸው ተኝተዋል።»

«እግሩስ?»

«ደህና ነው» አልኩ። በትዳራችን እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቼው አላውቅም። ሥራ ቦታው ብረት የሚነሳበት፣ ባቡር የሚጎተትበት ነው፤ እዚያ ሆኖ ሐሳቡ እንዳይበተን ብዬ ነው። ደግሞም ፈርቼ ነው።

ሲኞራ ፍራንካ መጡና ስልኬን ከእጄ ወሰዱ። በቁጣ አይደለም። በምትኩ በውሃ የተዘፈዘፈ ሽምብራ በጎድጓዳ ሳህን ሰጥተው ጎናቸው አስቀመጡኝ። ለካ ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን ሲሰሙ ለነገ እያዘጋጁ ነው። አንድ የጋራ ቋንቋ ሳይኖረን አንድ ሰዓት ሙሉ የሽምብራ ቅርፊት ገፈፍን። እናቴ ብትኖር ይሄንኑ ነበር የምታደርገኝ። ሳህኑ ላይ እያለቀስኩ ገፈፍኩ፤ እሳቸው እንዳላየ ሆነው ቀጠሉ።

ዓርብ ጠዋት ዶክተሯ ፋሻውን ፈታች። ቅላቱ ከመስመሩ በግማሽ ጣት ወደ ውስጥ ተመልሷል። «ጥሩ ነው» አለች። ዶክተሯን አቅፌ አለቀስኩባት፤ ምስኪን፣ ጓንቷን እንኳን አላወለቀችም። መብረር ይችላሉ፤ ግራውን ግን መርገጥ የለም አለች።

ሲኞራ ፍራንካ ከጎረቤት ዊልቸር ተውሰው ደጅ አቆሙልን። ወረቀቴ ላይ አራት ቦታ ቀርቶናል። ተራራው ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን፣ እስከ ደጇ ድረስ መንገዱ በቅስት የተሸፈነው፣ እንደማይሆን ሁለታችንም አውቀናል። ዝም ብዬ በቅስቶቹ ሥር ገፋኋቸው። አንዲት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንደርስ ንዴቴ አልበርድ ስላለ «ይገባሉ ጋሼ? አሁንማ የሚያወልቁት ጫማም የለ» አልኳቸው። አፌን በቆረጠው ያሰኘኝ ወዲያው ነው።

«አልገባም» አሉ። «ከእንግዲህ አያስፈልግም።»

ወደ ፊት እያዩ ተናገሩ። «ለእግዚአብሔር ብቻ ብዬ አይደለም ያወለቅኩት፤ አልዋሽሽም። ግራው ከፋሲካ ወዲህ ስሜቱ እየሄደብኝ ነው። ብናገር ጉዞው ይቀራል። ድንጋይ እኮ ይቀዘቅዛል ልጄ። ሠላሳ ዓመት በእጄም በእግሬም የማውቀው ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ደግሞ በሐሩር ቀን ይቀዘቅዛል። አንዱ ይቀዘቅዘኛል ብዬ ነበር። አንዱ ጋ ቆሜ ጠበቅኩ። ሌላው ጋ ጠበቅኩ። ትናንት በስቲያ ያቺ ትንሿ ጋ ቆሜ፣ ቆሜ፣ ቆሜ… አንዱም አልቀዘቀዘኝም።»

ዊልቸሩን አቁሜ ፊት ለፊታቸው ዞርኩ።

«እስቲ አንቺ ቁሚበት» አሉኝ።

በሩ ክፍት ነው። ስኒከሬንም ካልሲዬንም አወለቅኩና ደፉን ተሻግሬ ድንጋዩ ላይ ቆምኩ። ከኋላዬ የሚገቡ ሰዎች ዞረውኝ አለፉ።

«ይቀዘቅዛል?»

«ይቀዘቅዛል ጋሼ።»

«ምን ያህል?»

አሰብኩ። «በጥር ማለዳ ቤዝመንታችን ወለል ላይ በባዶ እግር እንደመቆም ነው።»

«እሱስ በጣም ነው» አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «ባክሽ ውጪ፣ ብርድ ይመታሻል።»

የዚያን ዕለት የሽምብራውን ሾርባ ከበሉ በኋላ ስልኬን ተቀበሉኝና ለዳዊት ራሳቸው ደወሉ። «ልጅቷን አትቆጣት፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ሲሉ ሰማሁ። የቀረውን አልሰማሁም፤ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። በኋላ ስልኩን ሲመልሱልኝ ዳዊት መስመር ላይ ነበር። «ለምን ዋሸሽኝ?» አለ። «ፈርቼ» አልኩ። «እኔም እፈራ ነበር» አለኝ።

ቅዳሜ ሲኞራ ፍራንካ እስከ ታች ሸኙን። የእህታቸው ልጅ ጋሼን አዝሎ ነው ያወረዳቸው፤ ወንበሯ ያለችበት ጋ ሲደርሱ ግን «አሳርፈኝ» ብለው ተቀምጠው፣ ለመጨረሻ ጊዜ መረቁ። ሲኞራ ፍራንካ አሜናቸውን አልረሱም።

ቁስሉ ለመዳን ሰባት ሳምንት ፈጀ። እግሩ አለ። ካልጋሪ በገባን በአራተኛው ቀን ግን ክሊኒክ ቀጠሮ ነበረን። ነርሷ እንደ ሁልጊዜው «ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለች፤ የዓሣ ማጥመጃ ክር በምትመስል ቀጭን ነገር እግራቸውን እየነካካች ይሰማቸው እንደሆነ ትጠይቃለች። በፋሲካ ማግስት የነበረውን ምርመራ አስታወስኩ። ክሯ በነካች ቁጥር እሳቸው «አዎ» ይላሉ፤ እኔም «የስ» እላለሁ። ለካ ዓይናቸውን በከፊል ነበር የሚጨፍኑት። ያን ሁሉ «የስ» መዝገብ ላይ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሁን የሱፍ ኮፍያቸውን እስከ አፍንጫቸው ጎትተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ነርሷ ግራውን ነካች። ዝም። ሌላ ቦታ ነካች። ዝም። ቀና ብላ አየችኝና «ጠይቂልኝ» አለች።

«ጋሼ፣ ይሰማዎታል?»

«አይሰማኝም በያት» አሉ ከኮፍያው ሥር።

ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አንስታ «የትኛው እግር?» አለች።

«ሁለቱም በያት።»

ሁለቱም ናቸው አልኳት። መዝገቡ ላይ ስትጽፈው እስከ መጨረሻው ፊደል አየሁ።